መርዙ የት ሄደ?

ውሃ ይዤ ወደ አዳማ የሄድኩ ቀን የሚኒባሱ ረዳት ጀሪካኔን አይቶ ሳቀብኝ።

«እማማ፣ አዳማ ውሃ የለም ያለዎት ማን ነው?»

«ለመጠጥ አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ለምን?»

«ለክስ ነው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ከኋላ ወንበር «ዳኛው ውሃውን ሊያስምሉት ነው» ያለም ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ጣራ ላይ ልጫነው ቢለኝም እምቢ አልኩ። በጉልበቶቼ መካከል አጣብቄ ይዤው መቂን አለፍን፣ ሞጆ ላይ ቆምን፤ ክዳኑን ከመዳሰስ ግን አላረፍኩም። ጥሩ ጀሪካን ነበር፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ክዳኑ አንዴ ከጠበቀ ጠብ የማይል። ሌላ ጀሪካን ቢሆን ይህን የሚያህል ነገር አላምነውም ነበር።

የምኖረው ባቱ ዳር ነው። ዝዋይ እያልን ነው ያደግነው፤ ዛሬም አንዳንዴ የቀድሞው ስም ቀድሞ ይወጣል። ባለቤቴ ትቶልኝ የሞተው መሬት ሩብ ሄክታር አይሞላም። ቲማቲምና ሽንኩርት አመርትበታለሁ። ውሃው ከሐይቁ በሞተር ተስቦ በቦይ ስለሚመጣ ተራ አለው፤ ለእያንዳንዳችን በሳምንት አንድ ቀን ይደርሰናል። ተራውን የሚያስከብረው ሰው የውሃ አባት ይባላል። እሱና ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ሕግ ነው። ተራ የሰረቀ በተራው ይቀጣል፤ ቦይ የሰበረም በተራው ይቀጣል። ገንዘብ አንቀጣም። በዚህ ሙቀት ውሃ መነፈግ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ከኔ በላይ ያለው ማሳ የአንድ የአርሲ ሰው ነው። ቦዩ እሱ ዘንድ ደርሶ ነው ወደኔ የሚወርደው። ባሌ ከሞተ ጀምሮ «አዮ» ይለኛል፤ በቋንቋቸው እናቴ እንደ ማለት ነው። ልጆቹ ደጄ ላይ ነው ያደጉት። እሱ በቆሎ ይዘራል፤ በበቆሎው መሃል የሚበቅለውን አረም ደግሞ ገበሬው ሁሉ ቱ ፎር ዲ የሚለውን መድኃኒት ይረጭበታል። መድኃኒቱ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ገድሎ በቆሎውን ይተዋል። የቲማቲም ቅጠል ሰፊ ነው። ለዚያ መድኃኒት የኔ ቲማቲምና የሱ አረም አንድ ናቸው።

ችግኞቼ ገና መደብ ላይ ነበሩ፤ ጣት የሚያህሉ። ለችግኝ በጀሪካን መቅዳት እንደ ተራ አይቆጠርምና ከቦዩ እየቀዳሁ ቤቴ አስቀምጬ ጠዋትና ማታ አጠጣቸው ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ብደርስ ቅጠላቸው እንደ ክር ቀጥኗል፤ ግንዳቸው እንደ በግ ቀንድ ተጠማዟል። በሽታ እንዳልሆነ ወዲያው አወቅኩ። ከዓመታት በፊት ንፋስ ከሰው ማሳ አምጥቶ የጣለብኝን አይቻለሁ፤ ያ መልክ አይረሳም።

ጎረቤቴን የቦዩን በር ሲያስተካክል አገኘሁት።

«አከም ቡልተን፣ አዮ?» አለኝ። እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

«አላደርኩም። መርጫህን የት ነው ያጠብከው?»

«ሰላምታው ይቅደም እንጂ። ምነው በጠዋቱ?»

«መርጫህን ነው የምልህ!»

አንገቱን አከከ። «አንድ ቀን እዚህ ቦይ ውስጥ አለቅልቄዋለሁ፤ አልዋሽዎትም። አንድ ቀን ብቻ። እሱም ከወር በላይ ሆኖታል።»

«መርዝ ቀን ይቆጥራል?»

«ይቁጠር አይቁጠር እኔም አላውቅም። ግን ወላሂ፣ የእርስዎን ችግኝ እኔ አልነካሁም።»

«የማለ ሁሉ እውነት ተናገረ ማለት አይደለም» አልኩት። ይህን ያልኩት ሚስቱ ቆማ እየሰማች ነው። ዛሬ ስጽፈው እንኳ ፊቴን ይሞቀኛል።

ሽማግሌዎቹ ቦዩ ራስ ላይ ካለው ግራር ሥር ተቀመጡ። የውሃ አባት ሁለታችንንም ሰማና እንዲህ አለኝ፦ «ቦይ ውስጥ ማጠቡን አምኗል፤ እሱ ጥፋት ነው። ችግኝዎን የገደለው ግን ያ ለመሆኑ ማስረጃዎ ምንድን ነው? ውሃው አፍ የለው፣ አይናገር።»

«አናግረዋለሁ» ብዬ ተነሣሁ።

እንዲህ በድፍረት የተናገርኩት አዳማ ላይ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማረው የልጄ ልጅ ትዝ ብላኝ ነው። ለበዓል መጥታ ሳለ ጥናቷ የአረም መድኃኒትን ከውሃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ማስወገድ መሆኑን ነግራኝ ነበር። ያን ጊዜ «ውሃና መብራት አንድ ላይ? ሞት ነው እንዴ የምትማሪው?» ብያት ወሬውን ወደ ሌላ አዞርኩት። እኔ ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው። እርጥብ እጅ ወደ መብራት አይጠጋም፤ ስለ ሁለቱ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር።

አዳማ ደርሼ ባጃጁ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሲያወርደኝ የልጅ ልጄ ነጭ ጋዋን ለብሳ መጣችና ጀሪካኑን ተቀበለችኝ። ቤተ ሙከራው በረኪናና አዲስ ቀለም ይሸታል። ከውሃዬ ላይ በመርፌ ጥቂት ቀድታ ፍሪጅ ለሚያህል ማሽን ሰጠችው። ማሽኑ ሲያጉረመርም ቆየና ኮምፒዩተሩ ላይ መስመር መሳል ጀመረ። መስመሩ ሜዳ ለሜዳ ሄዶ ሄዶ ድንገት ወደ ላይ ተነሣና ተመልሶ ወረደ።

«ይኸውልሽ እምዬ። ይህ ተራራ ቱ ፎር ዲ ነው።»

«ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው።» ግንባሯ ተቋጠረ። «እንዲያውም ለቦይ ውሃ በዛ። ቦይ እኮ የሚፈስ ነው፤ ይህን ያህል አልጠበቅኩም።»

«ይኸው! አላልኩም? ያ ሰው…»

«ቆይ እስቲ እምዬ። ይህ የሚያሳየው ጀሪካኑ ውስጥ ያለውን ነው። ከየት እንደመጣ አያሳይም።»

«ከቦይ ነዋ! በዚህ እጄ ነው የቀዳሁት።»

መስመሩን በወረቀት አትማ ሰጠችኝ። አለመከራከሯን እንደ መሸነፍ ቆጠርኩት።

ከዚያ የምታጸዳበትን ዕቃ አሳየችኝ። እኔ ትልቅ ማሽን ነበር የጠበቅኩት። ያየሁት ግን ባልዲ የሚያህል የመስታወት ዕቃ ነው። ውስጡ ሁለት ዝርግ ብረቶች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አንዱ ጥቁር ነገር የተቀባ፣ ሌላው ግራጫ። ከሁለቱም ሽቦ ወጥቶ ወደ አንዲት ትንሽ ሳጥን ይገባል። ውሃዬን ገለበጠችበትና ነጭ ዱቄት በማንኪያ ጨመረችበት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጨው ነው። የወጥ ጨው ግን አይደለም።»

«መርዝ ያለበት ውሃ ላይ ደግሞ ጨው ጨምረሽ ነው የምታጸጂው?»

«ኤሌክትሪኩ ውሃው ውስጥ የሚሄድበት መንገድ ነው። መንገድ ካላበጀሁለት አይሄድም።»

ግራ መጋባቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ለማጽዳት ይጨመራል። እንዳይነካካ የተባለው ይነካካል። ሳጥኗን ስታበራት ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ ጓደኞቿ እየሳቁ ወንበር ሰጡኝ። ከብረቶቹ ላይ እንደ ተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይወጣ ጀመር። ሽታው መብረቅ ያለበት ዝናብ ሲያባራ የሚሸተውን ይመስላል። ውሃው ግን ያው ነው፤ ከገባበት መልኩ አልተለወጠም።

«አሁን መርዙ የት እየሄደ ነው?» አልኳት።

«የትም አይሄድም። እዚያው ይሰበራል።»

«የተሰበረ ነገር ስብርባሪ አለው። ስብርባሪው የት ይወድቃል?»

«እየተሰበረ፣ እየተሰበረ በጣም ትንንሽ ይሆናል እምዬ። እስከ መጨረሻው ከሄደ አንቺ ከአፍሽ የምታወጪው ዓይነት አየርና ውሃ ይሆናል፤ ትንሽ ጨውም ይቀራል።»

«መርዙ ትንፋሽ ይሆናል?»

«አዎ፤ እንደዚያ በይው።»

«የማን ትንፋሽ?»

እንደገና ሳቁ። እኔ አልቀለድኩም። እኛ አገር የጉድጓድ ውሃ መስታወት መስሎ ጥርስ ያበልዛል፤ የኔም ጥርስ ምስክር ነው። ለእሱ ብለው ያመጡልን የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ነበር፤ የያዘውን ይዞ ይቀመጣል፣ ሲሞላ ይደፋል፣ የሚደፋበት ቦታ ደግሞ ሰው ያጣላል። እኔ የማውቀው ጽዳት ሁሉ እንዲህ ነው። ግቢዬን ስጠርግ ቆሻሻው ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ከኔ ውሃ የወጣው ወደ ማን ውሃ እንደገባ ሳላውቅ እንዴት ደስ ይበለኝ? ልጅቷ የነገረችኝ ግን የጠፋው ነገር ለማንም ሳይደርስ ጠፋ ብላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ። አረፋው ቆመ።

«ግማሹን ካጸዳሽ ይበቃል» አልኳት ላጽናናት ብዬ።

«አይበቃም። አንዳንዴ ግማሽ የተሰበረው ከሙሉው ይብሳል። እስኪያልቅ ነው የምጠብቀው።»

ይህም አልገባኝም። ግማሽ ሸክም ከሙሉ ሸክም እንዴት ይከብዳል? መብራቱ እስኪመጣ ድረስ አጠገቧ ተቀምጬ አሰብኩት፤ አልተፈታልኝም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ መስመሩን እንደገና ሲስለው ተራራው የለም። ሜዳ ነው። ልጅቷ ተነሥታ አቀፈችኝ። እስከዚያ ቀን የምትሠራው ራሷ መድኃኒት በጨመረችበት ውሃ ነበር፤ ከገበሬ ማሳ በመጣ ውሃ ስትሞክር የኔ የመጀመሪያው ነው። ለመምህሯ ልታሳይ ወረቀቱን ይዛ ስትሮጥ የጸዳውን ውሃ አንሥቼ ወደ ጀሪካኔ መለስኩት።

«እምዬ! ምን አደረግሽ? የሚደፋ እኮ ነው» አለች ስትመለስ።

«የሰው ውሃ አይደፋም። መርዝ ሆኖ የመጣው ውሃዬ ነው፤ ጸድቶ ይመለስልኛል።»

«ብቻ እንዳትጠጪው።»

«ለመጠጥ አይደለም ብያለሁ፤ ስንቴ ልናገር!»

ባቱ ተመልሼ ተራራው ያለበትን ወረቀት ግራሩ ሥር ዘረጋሁት። ሽማግሌዎቹ አንዴ አቃኑት፣ አንዴ ገለበጡት። አንደኛው «ይህማ ዝቋላን ይመስላል» አለና ሳቁ። ከዚያ ግን አልሳቁም፤ ማስረጃ ያምጡ ብለውኝ አመጣሁ። ጎረቤቴ ሦስት ተራ ተቀጣ።

«ሦስት?» አለ። የሚናገረው ለራሱ ነበር። «አሁን እኮ በቆሎው ሊያብብ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተነሡ። እኔም ተነሣሁ። ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ ሲያም ነው ፍርድ የሚሆነው ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አሁንም ግን የሚያጉረመርም ነበር። አዛውንቷ የልጅ ልጃቸው የሳለችላቸውን ሥዕል ይዘው ሰው አስቀጡ ይባላል። ስለዚህ ላሳያቸው ፈለግኩ። ጤነኛ ችግኝ ከሌላ መንደር ለምኜ በስምንት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተከልኩና ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ደጄ ላይ ደረደርኳቸው። አራቱን ከአዳማ ባመጣሁት የጸዳ ውሃ አጠጣለሁ። አራቱን በቦይ ውሃ። ጀሪካኑ በጸዳው ውሃ ስለተያዘ የቦዩን ውሃ በቆርቆሮ ጆግ እየቀዳሁ በቀጥታ አፈስባቸዋለሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «እነዚህ ይለመልማሉ፣ እነዚያ ይጠማዘዛሉ፤ ቁጭ ብላችሁ እዩ» እላለሁ።

የጎረቤቴ የመጀመሪያ ተራ አለፈ። ውሃው በሱ ማሳ ዳር ዘወር ብሎ ሳያየው ወደኔ ወረደ።

በሳምንቱ ጠዋት ደጄን ከፍቼ ስወጣ ቆሜ ቀረሁ። አራቱ ችግኞች ተጠማዘዋል። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ፤ የትኞቹ የትኛውን እንደጠጡ ጣሳዎቹ ላይ በከሰል ምልክት አድርጌያለሁ። የቦይ ውሃ የጠጡት ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ አረንጓዴ ናቸው። የተጠማዘዙት የጸዳውን ውሃ የጠጡት ናቸው።

ምልክቱን ተሳስቼ ይሆን ብዬ እንደገና አየሁ። አልተሳሳትኩም። ሰው ሳይነሣ ጣሳዎቹን በጆንያ ሸፈንኳቸው። ከዚያ ጆንያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የተመረዘው ያለመልማል፤ የጸዳው ይገድላል። ጨው ይጨመራል፤ መብራት ውሃ ውስጥ ይገባል፤ መርዙ ትንፋሽ ይሆናል። ከመጀመሪያው ያልገባኝ ነገር ሁሉ ተሰብስቦ ደጄ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። ያን ቀን ከቤት አልወጣሁም። ለጠየቀኝ ሁሉ «ፀሐይ በዝቶባቸው ነው የሸፈንኳቸው» አልኩ። ውሸት ነው።

ሁለተኛው ተራም እንዲሁ አለፈ። ይህን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ምን እንደሆነ ባላውቅም አንድ ነገር እንደተሳሳተ አውቄ ነበር፤ አውቄም ውሃው በሰውየው ማሳ ዳር ሲያልፍ ዝም ብዬ አየሁ። በቆሎው ቅጠሉን ጠቅልሎ እንደ ጦር ቆሟል። እሱ ማሳው ውስጥ ቆሞ ነበር። «አከም ቡልተን፣ አዮ» አለኝ እንደ ሁልጊዜው። ሰላምታውን አልነፈገኝም። ያ ነው ያቃጠለኝ። ቤቴ ገብቼ ስልኩን አነሣሁ።

«ያ ዕቃሽ መርዝ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም!» አልኳት የልጅ ልጄን፣ ሰላምታም ሳልሰጥ። «አራት ችግኝ ገደለብኝ!»

«ምን?» ድምጿ ሲለወጥ ሰማሁት። «እምዬ፣ ያን ውሃ ለችግኝ አጠጣሽው? ቆይ… ያኔ እኮ ምንም አልቀረበትም። ስብርባሪው ይሆን? ጨው ነው? ጨው ቢሆን ቅጠሉ ጫፉ ይቃጠላል እንጂ… ቅጠሉ እንዴት ሆነ?»

«እንደ ክር ቀጠነ። እንደ በግ ቀንድ…»

«ይህማ ራሱ ነው። ቱ ፎር ዲ ነው።» ወረቀቶቿን ስታገላብጥ ይሰማኛል። ግራ የገባኝ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ሳውቅ የባሰ ፈራሁ። በመጨረሻ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «ያን ውሃ የያዝሽው በምንድን ነው?»

«በጀሪካን ነዋ።»

«በየትኛው?»

«ይዤልሽ በመጣሁት።»

«እምዬ፣ ያን ጀሪካን ከየት ነው ያመጣሽው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ የመድኃኒት ጀሪካን አይጣልም። የእርሻ መድኃኒት ካለቀ በኋላ ባዶው ገበያ ይወጣል፤ ከዘይት ጀሪካን ይልቅ ወፍራም ስለሆነ ሰው ይሻማበታል። እኔም ስገዛው ምን እንደነበረበት አላጣሁትም። ለዚያ ነው የተጠነቀቅኩት። በአመድና በአሸዋ ፈተግኩት፤ በእንዶድ አጠብኩት፤ በፈላ ውሃ አለቀለቅኩት፤ ክዳኑን ከፍቼ ለቀናት ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አሸተትኩት፤ ምንም የለውም። እንዲያም ሆኖ ለቤት ውሃ አልመደብኩትም፤ ሰው የሚጠጣው በሌላ ነው የሚቀዳው። «የተጠረጠረ ዕቃ ለሰው አይሁን፤ ለአትክልት ግን ምን ይሆናል?» ብዬ ለችግኜ ብቻ መደብኩት።

ይህን ሁሉ ስነግራት ልጅቷ አልሳቀችም።

«እምዬ፣ አረም መግደያ እኮ ነው» አለችኝ። «የሚገድለው ተክል ነው። ላስቲኩ ጠጥቶታል፤ ብታጥቢውም ቀስ እያለ ይተፋዋል።»

ሰውን ላድን ብዬ መርዙን ለሚሞትበት ሰጠሁት። ማስረጃዬን በወንጀለኛው ሆድ ውስጥ ጭኜ፣ በጉልበቴ አቅፌ፣ ክዳኑን እየዳሰስኩ ነው አዳማ የወሰድኩት። ያጸዳችልኝንም መልሼ እዚያው ጨመርኩት።

ልጅቷ እርግጡን ለማወቅ ሁለት ጠርሙስ ላኪልኝ አለች፤ በመስታወት፣ በደንብ የተቀቀለ። በአንዱ ከቦዩ በቀጥታ፣ በሌላው ከጀሪካኑ የተረፈውን። ያው የሚኒባሱ ረዳት ጠርሙሶቹን ሲቀበለኝ «ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የሚከሱት እማማ?» አለኝ። እንዳይሰብራቸው ብቻ አስጠንቅቄው ተመለስኩ።

በማግስቱ ደወለች። «የጀሪካኑ ተራራ ነው።»

«የቦዩስ? ንጹሕ ነው አይደል?»

«ጉብታ አለው። ትንሽ ናት፤ ቲማቲም የምትገድል አይመስለኝም። ግን አለች።»

«የማን ናት?»

«እሱን ማሽኑ አይነግረንም እምዬ። ቦዩን ስንት ሰው ይጠቀማል?»

ንጹሕ ነው ብትለኝ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ እኔ ጥፋተኛ፣ እሱ ንጹሕ። አሁን ምን ልበል? ያለችው ጉብታ የሱ መርጫ ትሁን፣ የሌላው ትሁን፣ ከላይ ካሉት ትልልቅ እርሻዎች ትምጣ አላውቅም። ዝም ብል ደግሞ ማንም አያውቅብኝም። ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው፤ ልጅቷ አዳማ ናት፤ ሦስተኛው ተራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ይህን አሰብኩት፤ አላሰብኩትም ብል ውሸት ይሆናል። ወፍጮ ቤት ሰው ወረፋ ሲጥስ በስድሳ ሰው ፊት የምጮህ ሴት፣ በራሴ ላይ ለመጮህ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ከሰዓት በኋላ ጀሪካኑን ተሸክሜ ግራሩ ሥር ሄድኩ። የውሃ አባት ሽማግሌዎቹንና ጎረቤቴን አስጠራ። ጀሪካኑን መሃል አስቀመጥኩት፤ ጣሳዎቹንም ጆንያቸውን ገልጬ ደረደርኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በፀሐይ አሳብቤ የዋሸሁትንም ጭምር።

«እንግዲህ ተራራው የኔ ነው» አልኩ። «ጉብታው የማን እንደሆነ አላውቅም። ይህ ሰው ግን በኔ ተራራ ሁለት ተራ ውሃ አጥቷል። የኔን ሁለት ተራ ይውሰድ። ሦስተኛውም ለራሱ ይመለስለት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የውሃ አባት ጺሙን ያዘ። «ራሱን የጎዳን ሰው የምንቀጣበት ሕግ የለንም። ደግሞ እርስዎ ባልቴት ነዎት። ይቅርታ ይበሉትና ያልቃል።»

«ይቅርታው ለብቻው ነው፤ እሱን እላለሁ። ውሃው ግን በውሃ ነው የሚመለሰው። እሱን ስትቀጡት ልጆች አሉት ብላችሁ ማራችሁት? እኔን ባልቴት ናት ብላችሁ ለምን ትምሩኛላችሁ?»

«ሽንኩርትዎስ?» አለ አንደኛው።

«ሽንኩርቴ የሱን በቆሎ ይጠይቀው።»

ጎረቤቴ እስከዚያ ድረስ መሬት መሬት እያየ ነበር። ቀና ሲል ተቆጥቶ እንደሆነ ወይም ሊያለቅስ መለየት አቃተኝ።

«አዮ» አለኝ፣ «ያን ቀን ወላሂ ስልዎት ባያምኑኝም እሺ። ሚስቴ ፊት ግን አይሉትም ነበር።»

«አልልም ነበር። ብያለሁ ግን። ነገ መጥቼ እሷ ፊት እመልሰዋለሁ።»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ሁለቱንም ተራ በአንድ ሳምንት እንዳይለቁብኝ ብቻ፤ በቆሎዬ ዋና አያውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እንዳልኩትም ይሁን አሉ። እኔም ሳቅኩ፤ ያኔ ግን እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ለሚስቱ የገባሁትን ቃል ፈጸምኩ። «ባሌ እኮ አይዋሽም» ብላ ሌላ ምንም አልጨመረችም። እኔም ሌላ አልጠበቅኩም።

ጀሪካኑን ማንም እንዳይጠቀምበት በጋለ ሚስማር ወንፊት አደረግኩት። ከዚያ ግን የት ልጣለው? እንዳልቀብረው ልጅቷ መሬት ውስጥ ይወርዳል አለችኝ፤ እንዳላቃጥለው ጢሱ ለሰው አይሆንም አለችኝ። «በመብራትሽ አጥቢልኝ እንግዲህ» ብላት «የኔ ለውሃ ነው እምዬ፤ ላስቲክ ውስጥ የገባውን አላውቅበትም» አለች። አሁንም ከቤቴ ጀርባ ዝናብ በማያገኘው ጥግ ተደፍቶ ተቀምጧል። ገበያ ስሄድ ጀሪካኑን የሸጠችልኝ ሴትዮ አሁንም ነጭ ነጮቹን ደርድራ ትሸጣለች። ነገርኳት። «እናቴ፣ ታዲያ የት ላድርገው?» አለችኝ።

ተራዬ የደረሰ ቀን በማለዳ ዶማዬን ይዤ ወረድኩና ወደኔ የሚወርደውን ቦይ ደፈንኩት። የሱን በር ከፈትኩ። ውሃው መጀመሪያ የተሰነጠቀውን መሬት እየጠጣ ቆየ፤ ከዚያ በመስመሮቹ መሃል ቀስ ብሎ መግባት ጀመረ። የኔ ሽንኩርት በማዶ በደረቁ ቆሟል። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ አላወቅኩም። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ውስጡ ያቺ ጉብታ አለች፤ አትታይም።

ጎረቤቴ ከበቆሎው መሃል እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ጠራኝ።

«አዮ!»

«አቤት!»

«ከእንግዲህ መርጫውን የት ልጠበው?»

ዶማዬን ተደግፌ ቆምኩ። ቦይ ውስጥ አይሆንም። ሐይቁ ዳር አይሆንም። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለ፣ አይሆንም። ዙሪያዬን አየሁ፤ ወደ ማንም የማይሄድ ቦታ ፈለግኩ።

«ቆይ» አልኩት፣ «ልጅቷን ልጠይቃት። እስከዚያ እንዳታጥበው።»